ሁለቱ ግራጫዎች

ከኩሽናው መስኮት፣ ከመብራቱ ፊት፣
ሆዷን መስታወት ላይ ለጥፋ በሌሊት
የእሳት እራት ትለቅም ነበር አንዲት እንቁራሪት።

«ጭኗን እይ» ይል ነበር ባለቤቴ ኦዴል፣
«ቢጫው የሚታየው ስትዘል ነው፣ ስትዘል፤
ከዓይኗ ሥር ነጭ ነቁጥ፣ ጣቷ ላይ ሙጫ አለ፣
ቆዳዋ የኦክ ቅርፊት፣ ሽበት የበቀለ፤
ቅጠል ላይ ካደረች ትሆናለች አረንጓዴ፣
ይህን ሁሉ ካየሽ ግራጫዋ ናት እንዴ?
አዎ፣ ናት። ግን የቷ?» ብሎ ዝም ይል ነበር፤
የሚወደው ጥያቄ ይሄ ነበር ከምር።

ሁለት ናቸውና፣ በመልክ የማይለዩ፣
ባንድ ግንድ ላይ ውለው ባንድ ኩሬ የሚታዩ፤
የአንዷ የዘር ክር የሌላይቱ እጥፍ፣
ምን ያደርጋል ታዲያ፣ ቆዳ ላይ አይጻፍ።

መለያው ድምፅ ብቻ፤ የወንዱ አጠራር።
አንደኛው ችኩል ነው፣ ሻካራ፣ ግር ግር፣
ካርቶን እንደሰኩበት ብስክሌት የሚበር፤
ሌላው ለስለስ ያለ፣ ምንም የማይቸኩል፣
ዶቃ አንድ ባንድ ክር ላይ የሚያስገባ ይመስል።
ይህም ብቻ አይበቃ፤ ሌሊቱ ሲሞቅ
ዘገምተኛው ራሱ ይፈጥናል ሳያውቅ፣
ሲበርድ ችኩሉም እግሩን ይጎትታል፤
ስለዚህ ቴርሞሜትር ኪሳችን ይውላል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ግንቦት በገባ ቁጥር፣
በሚዙሪ ኮረብታ፣ በጠጠሩ ዳር ዳር፣
አሥር ቦታ ቆመን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣
አምስት አምስት ደቂቃ ጨለማውን ሰምተን፣
እሱ ጆሮ ሆኖ፣ እኔ ብዕር ሆኜ፣
ስንቱን መዝግቤአለሁ እሱን ብቻ አምኜ!

ዘንድሮ አራተኛው ኩሬ ላይ ስንደርስ
አዘነበለና ጆሮውን መለስ፣
«የሉም» አለኝ ኦዴል።
                    ጫካው እየጮኸ።

መጋዝ ቤት የኖረ ጆሮ፣ ቀስ በቀስ፣
ከቀጭኑ ድምፅ ነው የሚጀምር መፍረስ፤
የእኔ ወፍራም ድምፅ ግን ገና ይደርሰዋል፣
የእነሱ አልደረሰም።
                    ማን ይህን ይለዋል?

እጁን ያዝኩኝና አንገቴ ላይ አኖርኩ፣
ምላሴን ከትናጋ ሰክቼ አንከባለልኩ፣
እነሱ እንዳሉት፣ በእነሱው አካሄድ፣
ር-ር-ር-ር-ር፣ እንደሚነዝር ገመድ።
እንዴት አስቂኝ ነበርኩ! የሰባ ዓመት ሴት
መንገድ ዳር ላይ ቆማ ስትሆን እንቁራሪት።

ጣቱ ጉሮሮዬ ላይ ዝም ብሎ ቆየ፣
ዓይኑን እንደጨፈነ የሆነ ነገር አየ።
«ሙቀቱስ ስንት ነው?»
«ስልሳ አራት!» ጮህኩበት።
«እንግዲያው አትጠራጠሪ፣ ረጋ ያለው ነው፤
ባለ እጥፉ፣ ቨርና። እሱኑ ጻፊው።»

እንቁራሪቱን ይሁን፣ የእኔን ጉሮሮ
የለየው፣ አላውቅም። አልጠየቅኩም አብሮ።

ቅጹ ላይ ጥያቄ አለ፦ «የተለየው በምን?»
ሁለት ሳጥን ብቻ፤ በጆሮ፣ ወይ በዓይን።
ሁለቱንም ዘልዬ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ፦
«በእጅ።»
          ከዚያ በኋላ ሞተር አስነሳሁ።
ስድስት ኩሬ ቀርቶናል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።