ወፍራም ፖስታ፣ ቀጭን ፖስታ

ዱሉት ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ፖስታ አዳይ ነኝ እኔ፤
ሃያ ሁለት ክረምት በረዶ ቆጥሯል ዐይኔ።
የቱ ቤት ቅርጫት ነው፣ የቱ ቤት መነጽር፣
ሳላየው አውቃለሁ፣ ከደረጃው ሥር።

በመጋቢት ማለቂያ፣ ላንዱም ሳላዳላ፣
አንድ ዓይነት ፖስታ አደልኩ መንገዱን በሞላ፦
«የብራይትፌን ባትሪ አክሲዮን የገዛህ፣
ሳታውቀው ከሳሽ ነህ፤ በል ማስረጃ ይዘህ
ቅጹን ሙላ» ይላል።

ወይዘሮ ትቬይት ጣለችው ከፒዛ ካርቶን ጋር፤
የጋራዡ ልጅ ዘይት ጠረገበት፣ ከነማኅተሙ ጭምር።
ኦርቪል ሃካላ ግን፣ የድሮ ክሬን ነጂ፣
አልጣለውም እሱ፣ ደጋግሞ አነበበው እንጂ።

ለጣሪያ ማደሻ ብሎ ያኖረውን ጥሪት
ባትሪ ላይ ጥሎት ነበር፣ ሰምቶ የአለቆቹን ብሥራት።
«ፋብሪካችን ሞቋል» ሲሉ ከርመው በአደባባይ፣
ፋብሪካው ባዶ ነበር፣ አይጥ ብቻ ነው የሚታይ።
አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዋጋው ሲወድቅ፣
ጣሪያው ማንጠብጠቡን ቀጠለ፣ ባልዲውን ሳይጠብቅ።

ልምከረው ብዬ፦ «ኦርቪል፣ ተው ይቅርብህ፤
ጠበቃው ሲሶ ወስዶ ፍርፋሪ ነው የሚደርስህ።
የሚከፍልህስ ማነው? አለቃው አይደለም፤
ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ያንተ ነው፣ ሌላ የለም።
ከቀኝ ኪስህ ወጥቶ
ግራህ ውስጥ ሊገባ፣ ለድልድዩ ቀረጥ ሰጥቶ።
ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል፣ እርግጥ ነው፣ አውቃለሁ፤
የገመዱን ዋጋ ግን አንበሳው ሲከፍል አላየሁ።»

እሱ ብዕር ጠየቀኝ። ሦስት ሌሊት ምድር ቤት ወርዶ
የደላላ ደረሰኝ ፈለገ፣ የጫማ ካርቶን ንዶ፤
በአደራ ደብዳቤ ላከው። ዘጠኝ ዶላር ከአርባ።
ሒሳቡ የኛ መሥሪያ ቤት ነው፣ ካዝናችን ገባ።

ክረምት ሄደ። ክረምት መጣ። ሐይቁ ቀለጠ፣ ረጋ።
ባልዲው ሁለቴ ተለወጠ። በአራተኛው በጋ
ቀጭን ፖስታ መጣ፣ በመስኮቱ ስሙ እየታየ፦
አስራ አንድ ዶላር ከሠላሳ ሰባት። ኦርቪል ዝም ብሎ አየ።
ቼኩን አይደለም ያየው፤ አብሮት የመጣውን ጽሑፍ፣
«በደልን» የሚል ቃል ፍለጋ፣ ገጽ በገጽ ሲያልፍ ሲያልፍ።
«ጥፋት ሳናምን ከፈልን» ይላል። ይኸው ነው ፍርዱ።
አለቃው ሌላ ድርጅት ገብቷል፣ አልጎደለም ሆዱ።

አንድ ዶላር ከዘጠና ሰባት፣ አልኩት፣ የቴምብሩን ቀንሼ፤
ሁለት ሊሞላ ሦስት ሳንቲም፤ ከኪሴ ዳብሼ
ሦስት ሳንቲም ሰጠሁት። ሣቀ። ተቀበለኝ።
«ያንተስ ፖስታ ያኔ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልመለስኩም። ሠላሳ አክሲዮን ነበረኝ፤ ፖስታዬ ሳይከፈት
በገዛ እጄ፣ ከገዛ ሣጥኔ፣ ገብቷል ቅርጫት።

«ገንዘቡ አይደለም» አላለኝም፤ ገንዘቡም ነበር፤ ያፈሳል ቤቱ።
ግን መዝገብ ቤት አንድ ወረቀት አለ፣
«ዋሽተውኛል» ይላል፣ ከነፊርማው፣ ከነዕለቱ።
ይህን በምን ልመዝነው? የኔ ሚዛን የፖስታ ነው፤
ክብደት ይነግረኛል እንጂ፣ ዋጋውን የሚያውቅ ማነው?

ትናንት ደግሞ ወፍራም ፖስታ፣ ሌላ ድርጅት፣ ሌላ ክስ።
ኦርቪል ሣጥኑ ጋ ቆሞ ነበር፣ ብዕሩን ይዞ በደረት ኪስ።