ቅናሽ

ፖስታ ቤት ጀርባ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣
ሊፍቱ ከቆመ ቆይቷል፣ ጥገናው ተረስቶ፤
ጉልበት የከዳን ሰዎች፣ ግድግዳው መደገፊያ፣
ደረጃ እንቆጥራለን ለአረጋዊ መታወቂያ።

ከፊቴ አንዲት ፈረንጅ፣ ሹራቧ ቡናማ፣
ከዘንቢሏ ቆስጣ ሾልኮ፣ እግሯ ሸራ ጫማ።
ዞር ስትል አወቅኋት፤
ሲስተር ራድካ ናት ለካ!
የራጅ ክፍሏ።

ያኔ የቴሌ ሠራተኛ፣ ከምሰሶ ወድቄ፣
ጎኔን ይዤ ስሄድ፣ ሕመሜን አምቄ፣
ደረቴን ከቀዝቃዛ ሰሌዳ አስጠግታ፣
«ትንፋሽ ያዝ! አትተንፍስ!» ያለችኝ በዚያች ማታ።
(ለአዛውንት፣ ለኮረዳ፣ ለባልቴት፣ ለወታደር
አንድ «ያዝ» ብቻ ነበራት፤ ጾታ አትለይም ነበር።)

አጥንቴን ያየች ሰው ናት፤
ሚስቴ እንኳ ያላየችውን።

መስኮት አራት ይትባረክ፣ ትሑት፣ ደህና ልጅ፣
«ማዘር» እያለ ያነባል፣ ፓስፖርቷን ይዞ በእጅ።
የትውልድ ቦታ? «ፕሎቭዲቭ»። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደገመ፤
ብሔር? ጣቱ «ሌላ» የሚል ሳጥን ላይ ቆመ።
የቤት ቁጥር? «ቁጥሩ አለ፤ ቤቱ ነው የፈረሰ።»
ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ማንም አልተነፈሰ።

የልደት ዘመን? እዚህ ነው ነገሩ የመጣ፤
ከፓስፖርቷ እንዳለ አሥራ ዘጠኝ ሃምሳ ዘጠኝ አወጣ፤
ከእኛው ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ላይ ሲቀንስ፣
ስክሪኑ «ሃምሳ ስምንት» አለ፣ በቀይ ጽፎ ሲመልስ።

«ማዘር፣ ሁለት ዓመት ይቀርዎታል፤ ስድሳ ነው የሚለው።»
«ልጄ፣ ይሄ የፈረንጅ ነው፤ የናንተ ሌላ ነው።»
«ይገባኛል፣ ማዘር፤ እኔማ ይገባኛል፤
ሲስተሙ ነው እምቢ ያለ፤ የተጻፈውን ይወስዳል።»

ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች፣ በሹክሹክታ፣ በአገሯ ቋንቋ፤
ሠላሳ ዘጠኝ ክረምት ኖራ፣ ቁጥር ግን አልለመደም አፏ።
ስድሳ ስድስት። ጉልበቷ ያውቀዋል፣
የወጣችው ደረጃ ያውቀዋል፣
ይትባረክም፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያውቀዋል።

ልናገርላት ነበር።
ግን ተራዬ ደርሷል፤ ልጁ ከተቀየመ
የኔም ፋይል ይዘገያል ብዬ
ትንፋሼን ያዝኩ፣
እንዳስተማረችኝ።

«አቶ ዘርጋው!» ተባልኩ፤ ማኅተሙ አረፈ፤
ካርዴ ከማሽኑ ወጣ፣ ትኩስ፣ ጠርዙ ያልተገረፈ።

ከደረጃው ግርጌ ቆስጣዋን ስታስተካክል አገኘኋት፤
አዝናለሁ ማለት አቅቶኝ፣ «ቆስጣው ስንት ነው?» አልኳት።
«ሃያ አምስት» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ እንደ ሳል፣ ሳይታሰብ፤
«ቅናሽ ብዬ ብሄድ፣ ዋጋውን ሳይነኩ፣
እድሜዬን ቀነሱልኝ፤ ስምንት ዓመት መረቁ!»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»
ቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር አየች፣
መኪና እስኪያልፍ ያህል ዝም አለች።
«ሃምሳ ስምንት ከሆንኩማ
ልሳነወርቅ አልሞተም።
ቤታችንም አልፈረሰም፤
አሁን ከበር ቆሞ
‹ቆስጣ ብቻ ነው የገዛሽ?› ይለኛል።»

አውቶቡሱ መጣ። እኔ ካርዴን፣ ግማሽ፤
እሷ ዝርዝር ቆጥራ፣ ሙሉ።
አንድ ተማሪ ብድግ አለ፣ «ማዘር፣ ይቀመጡ» ብሎ።
«እኔ? ሃምሳ ስምንት ነኝ!» አለች፣ ድምጿ ከፍ ብሎ፣
«ለኚህ ሽማግሌ ልቀቅ፤ ካርድ አላቸው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።
ተቀመጥኩ። ካርዱ በመዳፌ ውስጥ እየበረደ፣
እሷ ብረቱን ይዛ፣ ቆስጣው ፊቴ ላይ እየወረደ፣
ስታዲየም እስክንደርስ ቀና ብዬ አላየኋት።

ልትወርድ ስትል ጎንበስ ብላ፣
በዚያው በወንድ አንቀጽ፣ በዚያው በድሮ ድምጿ፣
«በቃ፣ ተንፍስ» አለችኝ።