የሊፍቱ ሳንቲም

ከትብሊሲ ዳርቻ፣ ግልዳኒ ሰፈር፣
ስምንተኛ ፎቅ ላይ ቤት ይዤ ስኖር፣
ሊፍቱ ሳንቲም ይበላ ነበር።
ካላጎረሱት አይነቃነቅም፤
እኔ ካርድ እንጂ ሳንቲም አላውቅም።
ስለዚህ በእግሬ፣ ሻንጣዬን አዝዬ፣
መቶ አርባ ደረጃ አንድ፣ ሁለት ብዬ፣
ቁና ቁና እየተነፈስኩ ደብተሬን ገለጥኩ፤
«እንደ አገሬው መኖር ይኸው ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አገሬው ግን በሊፍት ነበር የሚወጣው።

ደብተሬ ያን ሰሞን በእውቀት ተሞልቶ ነበር፦
የአይቡ ዓይነት፣ የወይኑ ዕድሜ፣
ከምድጃ ግድግዳ ተለጥፎ የሚበስለው
እንደ ጀልባ ጫፉ የሾለ ዳቦ፣
«አመሰግናለሁ» በሦስት አነጋገር።
የጎረቤቴን ስም ግን አልያዘም ነበር።

ዡዡና ትባላለች። አምስተኛው ፎቅ ላይ
በሯን ገርበብ አድርጋ ቦሎቄ ስትለቅም
ከነሻንጣዬ በላብ ተጠምቄ አየችኝና፣
ከክብሪት ቀፎ ውስጥ ሃያ ቴትሪ አወጣችና
መዳፌ ላይ አኖረች።
ምንም አላለችም፤ ጣቷን ወደ ሊፍቱ ቀሰረች።

በማግስቱ ሃያውን፣ ከቸኮላት ጋራ፣
ይዤላት ሄድኩኝ፣ ጨዋ ልባል፣ ልኮራ።
ሳንቲሙን አየችው። እኔን አየችኝ።
በሩን ዘጋችው።
ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ደረጃው ላይ ስንገናኝ፣
እንደ ግድግዳ ቀለም አለፈችኝ።

የፈታልኝ ጁምበር ነው፤ ሊፍት ጠጋኙ፣
እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ ሲጋራው ጆሮው ላይ፣
ከሞተሩ ጋር እየተጨቃጨቀ እንዲህ አለኝ፦
«ሒሳቡን የዘጋ ጎረቤት
ጓዙን የጠቀለለ ነው።
ዕዳ ያለበት ሰው ግን
ነገም በዚህ ያልፋል።»

ከዚያ ወዲያ ተበደርኩ።
ጨው ተበደርኩ፣ መሰላል ተበደርኩ፣
ትኩሳት የያዘኝ ዕለት ቴርሞሜትር፣
ውኃ የጠፋ ሰሞን ሁለት ባልዲ፣
ከግቢው ልጆች ደግሞ የስድብ ቃላት
(እነሱን እንኳ ከነወለዱ መልሻለሁ)።

በየካቲት፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ሽማግሌው ኤልጉጃ ሞተ።
የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ከሕንፃው መግቢያ ተደግፎ
ገቢ ወጪውን ያያል።
ልግባ? ልቅር? ደብተሬን ባገላብጥ
ስለ ወይን እንጂ ስለ ሞት አንድ መስመር የለም።
ጁምበር ከላይ ጮኸ፦ «አንተ! ስምንተኛ!
ምን ይገትርሃል? ወንበር አምጣ!»
አራት ወንበር ነበረኝ።
አራቱንም አወረድኩ፣ በደረጃ፤
የዚያን ቀን ሊፍቱ የሐዘንተኞች ነበር።
ከወንዶቹ ጋር በሩ ላይ ቆሜ አመሸሁ፤
መናገር አልችልም፤ መቆም እችላለሁ።
ስሜ በዚያ ሰፈር «ስምንተኛ» ሆኖ ቀረ።

ግን አላጋንነው።
ፓስፖርቴ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤
ሲሰለቸኝ እሄዳለሁ፤ እነሱ የት ይሄዳሉ?
የእኔ ብጤው ሲበዛ ኪራይ ሽቅብ ወጣ፣
የዡዡና ልጅ ከነሚስቱ ከሰፈሩ ወጣ።
አንድ ቀን፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ቦሎቄዋን ሳታቆም፣
«አንተ ስትከፍል ነው እሱ ያቃተው» አለችኝ።
እንደ አገሬው መኖር፣ አገሬውን አፈናቅሎ!
መልስ አልነበረኝም። አጠገቧ ተቀምጬ
ቦሎቄ መልቀም ያዝኩ።

«መቼ ነው የምትሄደው?» ትለኝ ነበር፣
በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ፣
በሁለተኛው በየበዓሉ።
በሦስተኛው ተወችው።
መተዋን ያወቅኩ ዕለት ማታ
ትኬቴ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ አምስተኛው ላይ ቆምኩ።
የክብሪት ቀፎዋን አወጣች።
ሊፍቱ ሲወርድ አያስከፍልም።
ታውቃለች። አውቃለሁ።
ሳንቲሟን ተቀበልኩ።

ይኸው ስንት ድንበር ተሻገርኩ፣
የስንት አገር ገንዘብ በኪሴ አለፈ፤
ያቺ ሃያ ቴትሪ ግን ከሸሚዜ ኪስ፣ ለብቻዋ።
አልከፈልኩም።
አልከፍልም።
ዕዳ አለብኝ።