የቀኙ በር

እኔ የማውቀው ብረት ሲፈጅ ነበር፣
በሽርጥ ጫፍ ይዞ መክፈት የጋለ በር፤
ሰኔ በከዚራ፣ ጥላው ራሱ ሲያልበው፣
መሪውን ለመጨበጥ ውኃ ስረጨው።

ብርድን ማን ነገረኝ?
ትናንት ማታ፣ በታኅሣሥ እኩሌታ፣
የሙሽራ ቁምሳጥን ጭኜ በፔጆዬ አናት፣
የደንገጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ስጎትታት፣
ጉሙ ወርዶ ዋጠኝ። መብራቴም አልረዳት።
ሸዋ በር አጠገብ ከግንቡ ሥር አቆምኳት፣
ከሙሽራው አጎት ቤት ገብቼ፣ ብቻዋን ውጭ ተውኳት።

ንጋት ላይ መስታወቷ ጨው የመሰለ ነገር ለብሶ ቆየኝ፤
በጥፍሬ ብፍቀው ነከሰኝ።
ቁልፌን ሰካሁ። አልዞረም። ጥርሱን ገጥሞ መለሰኝ።
የሠላሳ ዓመት የድሬ አቧራ፣ በቁልፉ ጉሮሮ ያደረ፣
ባንድ ሌሊት ጤዛ ርሶ፣ ጭቃ ሆኖ፣ ከረረ።

ተንበርክኬ፣ አፌን ካፉ አስጠግቼ፣
እፍ! እፍ! አልኩት፣ ያለኝን ትንፋሽ ሰጥቼ።
የሎዝ ነጋዴዋ ሃዊ ሳትጠራ መጣች በማንቆርቆሪያ፤
"ፍል ውኃ ነው መድኃኒቱ!" ልጇ ጮኸ፦ "ቀለሙን ይልጠዋል፣ አታርጊያ!"
አንዱ ክብሪት ጭሮ ቁልፌን ለበለበ፣
ጥርሱ ጠቆረ እንጂ በሩ መች ተሳበ።
አንዷ የሰሊጥ ዘይት በላባ ቀባችው፣
ሌላው እንደ ሰነፍ በቅሎ ጎኑን ጠፈጠፈው።
"ምከሩኝ" ሳልል፣ ምክር እንደ ሎዝ ልጣጭ ከእግሬ ሥር ተከመረ፤
በሩ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ።

አው ዘካሪያ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ከዘራቸውን ተደገፉ፤
ቆመው አዩኝ፤ ሳቃቸውን በፎጣቸው ጫፍ አቀፉ።
"አምስት በር ባላት ከተማ ቆመህ ካንድ በር ትሟገታለህ?
ዞር በል እንጂ! አምስት ባይኖርህ አራት አለህ።
ሸዋ በር ቢዘጋ ቡዳ በር፣ ቡዳ በር ቢዘጋ ሰንጋ፤
እኛ እንዲህ ነው ስንገባ የኖርነው፣ ክረምት ከበጋ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
የቀኙን በር ሦስት ዓመት ነክቼው አላውቅም።
ተሳፋሪ ከኋላ ነው፤ እዚያ ሰው አላስቀምጥም።

የሮብሌ በር ነው። ረዳቴ ነበር። እሱ ነው ሲወርድ የዘጋው፤
በሦስት መቶ ብር፣ ማን ቆጠረው፣ ማን በላው፣
አሸዋ ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
"ሌባ" ያልኩት ለታ። እሱ መልስ አልሰጠም። ጓ! ብሎ በሩ ተሰማ።
ብሩን ኋላ አገኘሁት፣ ከወንበሩ ስፌት ሥር ተጣጥፎ፤
መናገር ነበረብኝ። ቀኑ አለፈ፤ ወሩም መጣ፣ ቀኑን ደግፎ።

ዞርኩ። ቁልፌን ገና ሳልሰካ
እጀታውን ብነካው ከፈት አለ። ለካ
አልተቆለፈም ነበር።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ድሬን ከሐረር ስመላለስ፣ ያ በር
ክፍት ነበር።

ወለሉ ላይ አንድ የናና ከረሜላ ወረቀት፤
የሱ ነው፤ ሲያኝክ እንደ ፍየል ነበር፣ አላህ ይይለት።
በወንበሩ ላይ ተንፏቅቄ ከመሪው ደረስኩ፤
ሃዊ አጨበጨበች። ሞተሩን ቀሰቀስኩ።

ደንገጎን ቁልቁል፤ ጉሙ ከኋላዬ ቀረ በዝምታ፤
ድሬ ከታች ስትታየኝ፣ ሙቀቷ ፊቴን ሲመታ፣
የግራው ቁልፍ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀጭ! ብሎ ተፈታ።

አሸዋ ስደርስ ከጎማ ቤቱ ፊት አቆምኩ፤
በግራ መውረድ እችል ነበር። በቀኝ ወረድኩ።

ሮብሌ ጎማ እየነፋ ነበር። ቀና አለ። እኔን ሳይሆን በሩን አየ፤
ቆይቶ ቆይቶ የንፋሱን ቱቦ ከጎማው ለየ።
"የግራው ምን ሆነ?" አለኝ።
መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር፣ አንድ ቃል አልመጣልኝ።
"ቀዝቅዞ ነበር" አልኩት።