ወይ እና አቤት

እናቴ ስታሳድገኝ ሁለት መልስ አስተማረችኝ፤
ለእኩያሽ «ወይ» በይ፣ ለታላቅሽ «አቤት» እያለችኝ።
ሦስተኛም ነበራት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«በሌት ከውጭ ቢጠሩሽ ዝም በይ እስኪነጋ፤
ማን እንደሆነ ሳታውቂ አፍሽ እንዳይቀድም፣
ስምሽን የሚያውቅ ሁሉ ወዳጅሽ አይደለም።»

ሐዋሳ ስገባ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
አንድ ሻንጣ ነበረኝ፤ ከሻንጣው ሥር «አቤቴ»።
ለእግዜር ብቻ ብዬ አስቀምጫት ነበር፣
እንደ በዓል ጫማ፣ እንዳይነካት አፈር።

ጠሪው ብዙ ነው እዚህ።
የፋብሪካው ደወል፣ ለማታ ፈረቃ፤
«መስመር አራት! ኮሌታው!» የሚለው አለቃ፤
«አቶቴ፣ አንድ ሰው!» የባጃጁ ሹፌር፤
እናቴ በስልክ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስለ ታናሼ ነገር።
ለአንዱ «እሺ»፣ ለሌላው «መጣሁ»፣
ለቤት ጓደኞቼ «ወይ» እያልሁ እሮጣለሁ፤
ያቺን አንዷን ግን ለማንም አላወጣኋት።

አንድ እሁድ እንግዳ ሰባኪ እጁን ጫነብኝ፤
«አውሮፕላን አያለሁ፣ ብዙ ሕዝብ» አለኝ።
አዳራሹ እልል አለ። እኔም ፓስፖርት አወጣሁ፣
ከደሞዜ ቆርጬ፣ ከምሳዬ አጎደልሁ።
ከዚያም ታቦር ወጣሁ፣ በጾም፣ በማለዳ፣
አፌ የደረቀ፣ ሆዴ ባዶ ጓዳ።
«ጌታ ሆይ፣ ላከኝ!» ብዬ ጮህሁ ወደ ገደሉ፤
«ላከኝ…» አለ ገደሉ።
«ልኮኛል» ብዬ ወረድሁ፣ አምኜ በቃሉ።
ፊደሉ አንድ ነውና የልመናውና የሹመቱ፣
የራሴን ድምፅ ሰምቼ እልል አልሁ በከንቱ።
ይህ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ።

አሞራ ገደል፣ አንድ ንጋት፣ ከፈረቃ ወጥቼ
የአሳ ወረፋ ቆምሁ፣ እንቅልፌን ገፍቼ።
ጉም ነበር፤ ጀልባ አይታይ፤ ዳሩ ላይ አባ ኮዳዎች
ቆመዋል እንደ አበዳሪዎች።
ከጉሙ ውስጥ አምስት ድምፅ፤ ሽማግሌው ቱሚሶ
ባንዱ ብቻ ተነሣ፣ ጭቃውን ጥሶ።
«እንዴት ለዩት?» አልኋቸው።
«ስለጮኸ መስሎሽ? የጎረቤቴ ልጅ ይበልጣል በጩኸት።
ይሄኛው ሃያ ዓመት ከኔ ጋራ በልቷል።
ደግሞ ያ ሌላው የሚጠራኝ ዋጋ ሊጠይቅ ነው፤
የኔው ግን መረቡ ሲከብደው።»

ዘንድሮ ሐምሌ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በኪራይዋ ቤት፣
ባሎቴ፣ ወባ ጥሏት ከግድግዳው ሥር
(በመቶ ብር ተጣልተን፣ ከተኮራረፍን ወር)
«ዘነቡ» አለች። ድምፅ አይሉት፣ ትንፋሽ ነገር።
ዝም አልሁ። እንደገና «ዘነቡ»፤ ከበፊቱ ያነሰ።
«ወይ» ልላት አፌን ከፈትሁ፤
«አቤት» አልሁ።

ራሴው ደነገጥሁ። እሷም ትኩሳቱ ውስጥ ሳቀች፤
«አቤት? ለኔ ነው?» አለች።
መልስ አልነበረኝም። ጨርቅ ነክሬ ግንባሯን አበስሁላት፣
በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀርባዬ ላይ አዘልኋት፣
ባጃጅ እስኪገኝ ድረስ፣ በጭቃው፣ በባዶ እግሬ።

ፓስፖርቱ ዛሬም ፍራሼ ሥር ነው፤ አልቀደድሁትም።
አውሮፕላኑ ይመጣ እንደሆነ እኔ አላውቅም።
ዛሬም እሳሳታለሁ፤ ባለፈው ሰኞ አለቃው ሲጠራኝ «አቤት» ብዬ ሮጥሁ፣
ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ሠራሁ።

ሌሊት ስሜ ሲጠራ፣ እናቴ እንዳለችው፣ ጥቂት ዝም እላለሁ፤
ዋጋ ነው የሚጠይቀው፣ ወይስ ከብዶታል መረቡ?
«ዘነቡ» ይላል እንደገና፤ ዝግ ብሎ፣ «ዘነቡ»።
በጨለማ፣ በእጄ ዳብሼ፣ ጫማዬን እፈልጋለሁ።