ከአሥራ ሁለት በታች

ጦሳ ጉም ሲለብስ ታምራለች ደሴ፤
ተራራው ትልቅ ነው፣ ይችላል፣ አልሁ ለራሴ።
ጉሙ ግን ሲወርድ ሰኞ ገበያ ድረስ፣
ሰው ከሰው አይለይም፣ መልኩ ሲደፈርስ።

ሱቄ ቧንቧ ውሃ፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን፤
ማንበቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ አሁን።
የፊደሉን ጠርዝ በግራጫ እያሸሁ፣
የደረጃ ጥርሱን ሳለሰልስ ከረምሁ።
ርዕሱ ሐር ሆነ፣ አበባ መሰለ፤
ከሥሩ ባለ ስምንቱን ማን አየው፣ ማን አለ።

ጋሽ ሙሄ ውላቸውን ሊያነቡ መጡ፤
«አቶ ሙሄ ለይማም ልጅ ቤታቸውን ሰጡ»
ብለው አነበቡ፣ ዞር አሉ ወደኔ፤
«በነፃ ነው፣ ልጄ? የሰጠሁት እኔ?»

«ሸጡ» ነበር ቃሉ። ከ«ሸ» አናት ያለች
ያች ኩርማን ጭረት በጉም ተውጣለች።
ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አፈርሁ። ግራጫ ስደፋ፣
ያስጌጥሁ መስሎኝ የሰው ቤት ሊጠፋ!

ያን ሌሊት አመሸሁ፤ መብራት ሄዶ መጣ፤
ሲኖትራክ ያቃስታል ሐረጎን ሲወጣ።
አንድ ደንብ ጻፍሁ፦ ራሱ እያወቀ
ግራጫ ያልብሰው፣ ፊደሉ ከላቀ፤
ከአሥራ ሁለት በታች ትንሽ ከሆነበት፣
ጉሙን ይግፈፍለት፣ ጥርሱ ይታይበት።

ማክሰኞ ተመለሱ። አነበቡ፤ «ሸጡ።»
ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።
«ጠርቷል» አሉ፣ «ደግ ነው። አርባ ዓመት ኖሬ፣
‹ሰጡ› ሲል ይቀለኝ ነበር ከዛሬ።»

በመስኮት ሳይ፣ ጦሳ የለም፤ ጉሙ ደፈነው።
ቃሉ ስምንት ነበር። ለእሳቸው ስንት ነው?