የአኻያ ልጥ

ከቲሳ ወንዝ ዳር፣ ውሃው አቅጣጫውን ከሚረሳበት፣
አኻያ ጎንበስ ብሎ ጸጉሩን ከሚያጥብበት፣
አንዲት መንደር አለች፣ በመንደሯም አንድ መድኃኒት ቤት፣
በቤቱም ጠባብ መስኮት፣ በመስኮቱም እኔ የቆምሁበት።

ረቡዕ ረቡዕ ጧት ቬንዴል ብቅ ይላል፤
ቆቡን ያወልቃል፣ ቅርጫቱን ያወርዳል፤
ጣቶቹ የዛፍ ሥር፣ የተወለጋገዱ፣
ስልሳ ዓመት ሙሉ ቀንበጥ ከቀንበጥ ሲያዛምዱ።
"ጉልበቴ ደኅና ነው" ይለኛል ሳልጠይቀው፣
"የኤቴልካ ሻይ ነው ቀጥ አርጎ የያዘው።"

ኤቴልካ ሚስቱ ነበረች።
በመቃብሯ ላይ ሁለት በረዶ ወርዶ፣ ሁለቴም ቀለጠ፤
ሻይዋ ግን ካፉ አንድ ማታ እንኳ አልተቋረጠ።

ታውቅበት ነበር።
በመጋቢት ማብቂያ፣ ወንዙ በረዶውን ሰብሮ ሲያጉረመርም፣
የሁለት ዓመት ቅርንጫፍ እንጂ ሽማግሌውን አትነካም፤
"ያረጀ ዛፍ" ትላለች "ይመክራል እንጂ አያክምም።"
በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫፉን ትሰነጥቀዋለች፣
እንደ እርጥብ ጓንቲ ልጡን ካንጨቱ ታወልቀዋለች።
ለትኩሳት አንድ ስኒ፣ ለመገጣጠሚያ ሁለት፣
ድዱ ለሚደማ ሰው መጉመጥመጫ በጠዋት፣
እግሩ ለሚያልበው፣ ለባቡር ሠራተኛው ለደዦ፣ መዘፍዘፊያ በምሽት።
ስኳር ለሚጠይቃት መልሷ አንድ ነበር፦
"ጣፋጭ የሚያድን ቢሆን፣ ንብ ባልሞተች ነበር።"

እኛን ዘንባባ አያውቀንም፤ አገራችን ብርድ ነው፣
ሆሳዕና ሲመጣ የምንይዘው አኻያ ነው።
ቄሱ ባመድማው እንቡጥ ላይ ጠበል ይረጫል፤
እንቡጡ እንደ ድመት ግልገል ጆሮ ይለሰልሳል፤
ልጅ ሁሉ አንዳንዷን ሳያኝክ ይውጣል፣
ጉሮሮው ዓመቱን ሙሉ ሳይታመም ይከርማል።
የተረፈው ጣራ ሥር ይሰካል፤ ነጎድጓድ ሲያጓራ
አንድ ዘለላ ወደ እሳት፣ መብረቁ እንዲራራ።
እኔም ውጫለሁ፣ በስድስት ዓመቴ፤
አንቃኝ ፊቴ ሲጠቁር ጀርባዬን መታኝ አባቴ።
ዳነ ወይ ጉሮሮዬ? እንጃ።
ብቻ ፋርማሲ የተማርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ቬንዴል ወረቀት ይዞ መጣ፣
ከከተማው ሐኪም፤ ልቡ ምቱን ስቶ፣ ስልቱ ቢታጣ።
ደም የሚያቀጥን ክኒን።
ሁለት ጊዜ አነበብሁት፣
ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ሦስተኛ ደገምሁት።

"ሻዩን ይተዉት" አልሁ። "ልጡም ደም ያቀጥናል።
ሁለቱ ከገጠሙ፣ ትንሽ ጭረት እንኳ አልቆም ይላል።"
ቆቡን በእጁ አዟዟረው።
"ሠላሳ ዓመት ጠጣሁ።"
"አዎ።"
"እሷ ያደረቀችው፣ ጣራ ሥር፣ ገና ግማሽ ከረጢት ቀርቷል።"
ስለ ከረጢት የተጻፈ በየትኛው መጽሐፌ ይገኛል?
"ለቅርጫቱስ፣ ልላጠው?"
"ይላጡት።"
"ስልጠው ባሸተውስ?"
"ያሽትቱት፣ እሱን ማን ይከለክልዎታል።"
ክኒኑን እንደ ሰው ገንዘብ ቆጥሮ ሲቀበለኝ አየሁ፤
በሩን ሲወጣ የጉልበቱን መንቋቋት መጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከረጢቱን መስኮቴ ላይ አኖረ።
"መድኃኒት የሚቀመጠው እዚህ አይደል?" አለኝና ዞረ።
የትኛው መሳቢያ? ፊደል ተራ አለው ቤቴ፤
በ"አ" ላርገው፣ በአኻያ፣ ወይስ በ"ኤ"፣ በኤቴልካ?
አልለየልኝም እስከ ምሽቴ።

ሲመሽ ራሴን አመመኝ።
ከኋላዬ ሺህ ነጭ ክኒን በየመደርደሪያው ተኝቶ፣
እጄ ከከረጢቱ አንድ ልጥ መዘዘ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ።
ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ አኘክሁ።
ኮሶ ነው። ምላሴ ተኮማተረ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤
ሕመሙ ወዲያው አልሄደም፤ ትንሽ አብሮኝ ቆየ፣ አብሮኝ መረረ።
ወደ መብራቱ ሳቀርበው፣ በሌላኛው ጫፍ ላይ
የአውራ ጣት ጥፍር ሰርጎ የተወው ጠባሳ አለ፣ ጨረቃ መሳይ።

ያን ጫፍ አላኘክሁትም።